ከእማዬ እግር ሥር ያለው ታኮ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ዓይንሽ ከመርፌና ከክር ጋር የገባው ግብግብ የት ደረሰ? ወገብሽስ ከዚያ ክፉ የስፌት ወንበር ጋር ታረቀ ወይስ እንደ ተኳረፉ ናቸው? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ጆሮዋ ያው ነው ወይስ ብሶበታል? ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን፣ ትንሿ ድንቡሼ ደግሞ መብሏን እንደያዙ ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ ከቀኝ እግሬ በቀር ደህና ነኝ፤ የእግሬን ነገር ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ሰላምታዬን ገና አልጨረስኩም፤ ግን አላስችል አለኝ። እትዬ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ ደብዳቤውን አስቀምጪውና ወደ ግቢ ውጪ። መኪናዋ ቆማ ከሆነ ከሁለቱ የፊት ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አስገቢ፤ ትልልቁን ምረጪ። እማዬ ከግንቡ ሥር ተቀምጣ ከሆነ ክንዷን ይዘሽ አንሺያትና ወደ በረንዳው አምጫት። ለምን ብትልሽ ፀሐዩ በረታ በያት። ከዚያ ተመልሰሽ የቀረውን አንብቢው። ይሄ ልጅ ለየለት ብትዪ ግድ የለኝም፤ ብቻ መጀመሪያ ውጪ።

ወጥተሽ ከተመለስሽ እንቀጥል።

ከሦስት ወር በፊት ባለቤትሽ ጋሼ ሚኒቫኗን ሊገዛ እኛ ጋ የመጣ ጊዜ መርምሬ ይሁንታ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናንተ አሁን ሙሽሪት ትሏታላችሁ፤ እኔ ያየኋት ጊዜ ግን ከአንድ ጡረተኛ እጅ የወጣች፣ ወንበሯ የተላላጠ አሮጊት ነበረች። ሞተሯ ጤነኛ ነው። የሚያስፈራው ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሳጥኗ፣ ነበር፤ ያገለገለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማለት የሰው ሆድ ማለት ነው፣ ውስጡን ባለቤቱ እንኳ አያውቀው።

ስለዚህ እንደ ወጉ አየሁት። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት መኪናው ጠፍቶ ቀዝቅዞ አይለካም። ሜዳ ላይ አቆምኳት፣ ሞተሩን አስነስቼ እስኪሞቅ ጠበቅኩ፣ ፍሬን ረግጬ ማርሹን ከላይ እስከ ታች በየቤቱ እያሳረፍኩ አመላለስኩት። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ መለኪያውን ዘንግ መዝዤ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ዳግም ከትቼ አወጣሁና ወረቀት ላይ ጠብ አደረግኩት። ቀይ መሆን ሲገባው የከረመ ሻይ መሰለ። ሽታውም ያረረ ነበር። ካምቢዮው አልሞተም፣ ግን ዘይቱና ፊልትሮው ዛሬ ነገ ሳይባል ይቀየር አልኩት። ጋሼም ገዛትና በማግስቱ ጠዋት አመጣልኝ።

ከሥሯ ገብቼ የዘይት ቋቱን ፈታሁ። ከቋቱ ግርጌ ማግኔት አለ፤ ከዘይቱ ጋር የሚዞረውን የብረት ብናኝ እየለቀመ ይይዛል። ብናኙ ጥቁር ጭቃ መስሎ ቢገኝ የዕድሜ ነገር ነው፣ ማንም አይደነግጥም። እኔ ግን ከጭቃው መሃል አንዲት ስባሪ አገኘሁ። የሕፃን ጥርስ ታህላለች። አንድ ጎኗ ልሙጥ ነው፤ ሌላው ጎኗ እንደ ተገመሰ ድንጋይ ይሻክራል።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፣ እትዬ። ያን ቀን አለቃዬ አልነበረም። ታውቂዋለሽ፣ አፍንጫ የምንለው ሽማግሌ፤ ዘይት አሽትቶ የመኪና በሽታ የሚናገረው። እሱ ቢኖር አሳየው ነበር። ጋሼ ደግሞ ከራሴ በላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ቀትር ሳይሆን መንገድ ካልጀመርኩ ይመሽብኛል እያለ ይወተውታል። እኔም ስባሪዋን አገላብጬ አየሁና፣ ድሮ ካምቢዮውን የነካካ ሰው ጥሏት የሄደ ትሆናለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የብሎን ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኳት። ቋቱን አጥቤ፣ አዲስ ፊልትሮ ገጥሜ፣ አዲስ ዘይት ሞልቼ ስነዳት ማርሿ እንደ ቅቤ ነበር። በራሴ ኮራሁ።

የቀረው የእጅ ፍሬኑ ነበር። ገመዱ ዝጎ ደርቋል፤ ቢስቡትም አይዝም። ገመድ ለማስመጣት ሁለት ቀን ይፈጃል አልኩት። ሁለት ቀን ማን ይጠብቃል አለ። ቀጥሎም ለጋራዡ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «የታኮ ልጅ፣ እንግዲህ በአንድ ታኮ ልትሸኘኝ ነዋ!» አለና ሳቀ። የሥራ ጓደኞቼም ሳቁ። በክፋት እንዳላለው አውቃለሁ፤ የጋሼ ቀልድ እንደዚያው ነው።

ይህ ቃል እኔን የት ጋ እንደሚያመኝ ግን አንቺ ታውቂያለሽ። አባዬ ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲኖር፣ መኪናው ቆሞ ሳያበቃ ዘሎ ይወርድና ያን ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት ጎማው ሥር ይወሽቃል። ሰፈሩ እሱን ታኮ አለው፣ እኛን የታኮ ልጆች። አንቺ ስትስቂ እኔ ድንጋይ አንስቼ አባርር ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ መካኒክ የሆንኩት ግማሹ ለእንጀራ ነው፣ ግማሹ ያ ስም እንዲለቀኝ ነው። ጎማ ሥር የሚወሽቅ ሳይሆን ከጎማው በላይ ያለውን የሚያውቅ ሰው ልባል ፈለግኩ።

እናም ደሜ ፈላ። እጄን በሱሪዬ ጠረግኩና እኔም ሰው እንዲሰማኝ አድርጌ፣ «ታኮ የሚያስፈልገው የድሮ መኪና ነው። ይቺ ፒ ላይ ከገባች ግንብ ናት» አልኩት። ፒ ያልኩት የማርሹን ዘንግ ወደ ላይ ሲገፉት የሚገባበትን የማቆሚያ ቤት ነው። ጋሼም አመነኝ። በኔ አፍ አምኖ ያለ እጅ ፍሬን ይዟት ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ወደ እግሬ ልምጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ካምቢዮ ስናወርድ ከክሪኩ ሾልኮ እግሬ ላይ አረፈ። አጥንቱ ተሰብሯል፤ እስከ ጉልበቴ ጀሶ ነኝ። ሐኪሙ እግርህን መሬት ካስነካህ ጣጣው ያንተ ነው ብሎኛል። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ወለም ብሎት ነው በያት። አለቃዬ ግን ከቤት ዋል አላለኝም። ጥግ ላይ አስቀምጦ ለዓመታት የተከማቸውን የብሎን ቆርቆሮ እየዘረገፍኩ እንድለይ አደረገኝ። አውራ ጣት የሚያህለውን ወዲህ፣ የዛገውን ወዲያ። የሴት አያቶች ምስር ሲለቅሙ የሚውሉትን እኔ በብሎን እውላለሁ።

አንቺ በጋሼ ስልክ የደወልሽልኝ በዚያ ሰሞን ነበር፤ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ሙሽሪት ፀባይ አወጣች ብለሽ አሳቅሽኝ። ስትቆም ጠቅ ጠቅ ጠቅ ትላለች፣ ጣቱን እንደሚያንቋቋ ሽማግሌ አልሽ። የማጠቢያው ባልዲ ከፊቷ ተቀምጦ ሳለ ጠዋት ተጨፍልቆ ከጎማዋ ሥር መገኘቱንም ነገርሽኝ። ጋሼ «መኪና ውስጥ ገብተሽ ማርሹን ነካክተሻል» ብሎ ትልቋን ክፉኛ እንደተቆጣት፣ ልጅቷም አልነካሁም ብላ እያለቀሰች ሳትበላ እንደተኛች። እኔም ከት ብዬ ሳቅኩ፤ መኪናዋ ባልዲ ጠላች አልኩሽ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት እንደሳቅኩ ትዝ ሲለኝ አሁን አፌን መምታት ያምረኛል።

ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ከሰዓት ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ስገለብጠው ያቺ ስባሪ ከብሎኖቹ ጋር ወጣች። አፍንጫ በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑ አረፈባት። አነሳት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ መስኮቱ አስጠጋት። ከየት መጣች አለኝ። ከእህቴ ባል መኪና፣ ከካምቢዮ ቋቱ አልኩት። የሻከረውን ጎኗን በጥፍሩ ዳሰሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግቢያቸው ሜዳ ነው ወይስ ቁልቁለት?» አለኝ።

የናንተ ግቢ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ቁልቁለት ነው አልኩት።

ተቀመጠና በገዛ እጁ አሳየኝ። ፒ ውስጥ ሲያስገቧት መኪናዋን የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ያለ አንድ የብረት ጣት ነው አለኝ። አንዱን እጁን ጨብጦ ጥርስ ያለው መዘውር አደረገው፤ የሌላውን እጁን ሌባ ጣት ቆልምሞ በጭብጡ ጣቶች መካከል ሻጠው። ይኸው፣ ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ወንበር፣ የተሳፈረውም ሰው፣ በዚች ጣት ነው የሚቆመው አለኝ። ያንተ ስባሪ የዚች ጣት ጫፍ ናት። አሁን መኪናዋን የያዛት ጉማጁ ነው። አንዳንድ ቀን ይይዛል፣ አንዳንድ ቀን ይስታል። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ጉማጁ ጥርሱን ሲስት ነው። ጥቂት ወርዳ ትቆማለች፤ ሌላ ቀን ሌላ ጥቂት። ጉማጁም በየቀኑ እየተበላ ይሄዳል። የምትለቅበትን ቀን ማንም ሊነግርህ አይችልም አለ።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ለጋሼ ደወልኩ። መንገድ ላይ ነበር፤ ሠራተኞች ጭኗል፣ ሳቅና ጫጫታ ይሰማኛል። ሁሉንም ነገርኩት። «አንተው አይደለህ ግንብ ናት ያልከኝ?» አለኝ። እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ አልኩት። የአባትህ ሥራ ናፍቆህ ይሆናል ብሎ ሳቀ። አልተቆጣሁም፤ ድንጋይ ብቻ አስደግፍ፣ ለእትዬም ንገራት ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ፤ ልጅን እሺ እንደሚሉት ዓይነት እሺ። አርብ ጠዋት ስደውል ድንጋይ የሚደገፍላት ቆሻሻ መኪና አይደለችም፣ ትናንት አጥቤያታለሁ አለኝ። አርብ ማታ ስደውል አላነሳም። ዛሬም እየጠራ ዝም ነው። ያንቺ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ሌላ መንገድ የለኝም። በራችሁ ላይ ያለው ባለሱቅ ጋ ብደውል ልጁ አንስቶ አባቴ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፣ ሱቁም ዝግ ነው አለኝ። ልጁ ራሱ ያለው ሌላ ሰፈር ነው። አውቶቡስ ልሳፈር ብል ደግሞ ሁለት ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው፤ በዚህ ጀሶ ሐኪሙም አለቃዬም እግሬን አሰሩብኝ። ስለዚህ ይኸው እጽፋለሁ።

እትዬ፣ ግቢያችሁን ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ከላይ በሩ አለ፤ ከበሩ እስከ ታችኛው ግንብ ያ ልስልስ ሲሚንቶ ይወርዳል። ዝናብ ሲዘንብ ድንቡሼ በቂጧ የምትንሸራተትበት ነው። ጋሼ የጠዋት ሠራተኞቹን አድርሶ ሁለት ሰዓት ላይ ለቁርስ ይመለሳል፣ የሙሽሪትን አፍንጫ ወደ ታች አድርጎ ያቆማታል። የጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የሚያርፈው ታችኛው ግንብ ላይ ነው። እማዬም በዚያችው ሰዓት ወንበሯን እዚያ አስወጥታ፣ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሞቃለች። አንቺ ከስፌት መኪናሽ ድምፅ የተነሳ በራፍሽ ቢንኳኳ አትሰሚም። ሞተሩ የጠፋ መኪና ድምፅ የለውም። ቢኖረውም እማዬ አትሰማም።

ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ መሃል፣ ምግብ መሃል፣ ሰው ሲያወራኝ ይህንኑ ነው የማየው። አንድ ቃል እኮ ናት፤ ግንብ ናት ብዬ የተናገርኳት። እሷን ለማለት የደፈርኩት የአባቴን ሥራ ስላፈርኩበት ነው። አፍሬ፣ እናቴን ቁልቁለት ሥር አስቀመጥኳት።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ድንጋይ ለዛሬ ይበቃል፤ ግን ድንጋይ በሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል። እማዬ ፀሐይ ስትሞቅ እግሯን የምታሳርፍበትን እንጨት ታውቂው የለ? የአባዬ ታኮ ነው። ጡረታ ሲወጣ ከመኪናው ይዞት የመጣ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር። ጠርዙ በብረት ተለብዷል፣ ከሥሩ ደግሞ እንዳይንሸራተት ጎማ መትቶበታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንት ኩንታል የጫነ መኪና ዳገት ላይ ይዞ አንድም ቀን አልለቀቀም። «ፍሬን ይዋሻል፣ ታኮ አይዋሽም» ሲል አንቺም ሰምተሻል። ያንን ከእማዬ እግር ሥር ውሰጂና ከሙሽሪት ጎማ ሥር አድርጊልኝ። እማዬ ብታኮርፍ ልጅሽ ነው የጠየቀው በያት። ለእግሯ ትራስ ስጫት።

ለጋሼም አደራ፣ በቁጣ እንዳትነግሪው። ወንድን ልጅ ስለ መኪናው በቁጣ ከነገርሽው ባሰው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስባሪዋን በጥጥ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ መዳፉ ላይ አስቀምጪለትና ይቺ ናት መኪናህን ይዛ የነበረችው በይው። አጥፊው ወንድሜ ነው፣ አንተ ምንም አላጠፋህም በይው። የፈለገውን ያህል የታኮ ልጅ ይበለኝ፤ ነኝ፣ ዛሬ አልቆጣም። መኪናዋን ሜዳ ላይ ያቁማት፣ ሰውም አይጫንባት። አፍንጫ ከተፈታ መኪና ላይ ሌላ ጣት እያፈላለገልኝ ነው። ጀሶዬ ሲፈታ እኔው ይዤ መጥቼ ካምቢዮውን አውርጄ እቀይራታለሁ፤ የእጅ ፍሬኑንም ገመድ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት፤ ጮክ ብለሽ፣ በቀኝ ጆሮዋ በኩል። ለጋሼ አክብሮቴንና ይቅርታዬን አድርሺልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ለብቻዋ ንገሪልኝ፦ ባልዲውን እሷ አልጨፈለቀችውም፣ አጎትሽ እውነቱን ያውቃል በያት፤ አባቷም ይቅርታ ይጠይቃት። ድንቡሼን ጉንጯን ሳሚልኝና ሲሚንቶው ላይ መንሸራተት እስክመጣ ድረስ ክልክል ነው በያት። አንቺን ደግሞ፣ እናት ሆነሽ ያሳደግሽኝን፣ ምን ብዬ እንደምሰናበትሽ አላውቅም። ብቻ ይህን ስታነቢ እማዬ ከጎንሽ ትሁንልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጋራዡ፣ ከብሎን መለያው ጠረጴዛ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 20 ቀን

ፖስታውን ሳላሽግ የጨመርኩት፦ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ የአውቶቡስ ሹፌር አሁን መጥቶ ነገ ማለዳ ነቅሎ ሰኞ ከሰዓት እንደሚደርስ ነገረኝ። እጅሽ ላይ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። እንግዲህ ደብዳቤው እስኪደርስሽ መሃል ላይ ሁለት ጠዋት አለ። ነገ ደግሞ እሑድ ነው፤ ጋሼ ሥራ የለውም፣ ሙሽሪት ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንድ ጉም የለበትም። በሕይወቴ ለምኜው የማላውቀውን ነው ዛሬ ፈጣሪን የምለምነው። እናንተ ጋ ሁለቱን ቀን ደመና ይሁን፤ እማዬ ብርድ ነው ብላ ከቤት አትውጣ።